ስልሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት ዘጠኝ

የገበሬዎች ዩኒየን የሒሳብ ጥናት ባለሙያው ዘሚካኤል የወደቀው ግንባታው ካላለቀው የቡሬ ዱቄት ፋብሪካ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቅዳሜ ንጋት ላይ የፋብሪካው ጥበቃ ሬሳውን ከአሸዋው ክምር አጠገብ አገኘው። ቢሮው ውስጥ ላፕቶፑ እንደተከፈተ ነበር፤ ፋብሪካው ያዋጣ እንደሆነ ያሰላበት የኤክሴል ሰንጠረዥ ግርጌ ላይ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «ሥራዬን ጨርሻለሁ። ደክሞኛል። ይቅር በሉኝ።»

ለገበሬዎቹ ዩኒየን አመራር ይህ በቂ ነበር። ሰውየው ሞቷል፤ ሰንጠረዡ ግን ያዋጣል ይላል። የአራት ሺህ ገበሬ መጋዘን አስይዘው ማክሰኞ ዕለት ብድሩን ፈረሙ።

ኢንስፔክተር ዓባይነሽን ረቡዕ ከፍኖተ ሰላም ይዘዋት የመጡት የሟቹ እናት፣ የሽንዲዋ ወይዘሮ እማዋይሽ ናቸው። የደብሩ አስተዳዳሪ ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት የለም ስላሉ አስከሬኑ ገና አልተቀበረም።

«ካሳ አልጠየቅሁም» አሉ እማዋይሽ። «ራሱን ገድሎ እንደሆነ ንገሪኝ፤ ካልሆነም ንገሪኝ። ልጄን ያለ ጸሎት አፈር አላለብሰውም።»

ዓባይነሽ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት የሒሳብ አያያዝ ተምራለች። ሰንጠረዡ ላይ ዛሬ የሚወጣው ሃምሳ ዘጠኝ ሚሊዮን፣ ከዚያ የአምስት ዓመት ገቢ፣ ከታች ደግሞ በአረንጓዴ የተቀባው የተጣራ የአሁን ዋጋ፣ ማለትም ትርፉ በዛሬ ብር ሲተመን፣ ተደርድሯል። ከአረንጓዴው ቁጥር ጀርባ ያለውን ቀመር ከፍታ አየችና ማስታወሻዋ ላይ ገለበጠችው።

የሒሳብ ሹሟ ሳቢሃ ኤክሴል ያስተማራቸው ሟቹ መሆኑን ነገረቻት። «ዛሬ የሚወጣ ገንዘብ ከቀመሩ ቅንፍ ውስጥ አይግባ እያለ ሲነዘንዘን ነበር የከረመው።»

«ሁላችሁንም?»

«ልንማር የመጣነውን።»

ሊቀ መንበሩ አቶ ያረጋል ሻይ እየጠጡ ነበር። ብርጭቆው የተቀመጠው ዘሚካኤል አርብ ዕለት ለሦስቱም አመራሮች ባደለው፣ ገና ባልተከፈተ ፖስታ ላይ ነው። የስብሰባ ጥሪ መስሏቸው እንደነበር ተናገሩ። የሳቢሃም ፖስታ እንደታሸገ ከመሳቢያዋ ወጣ። ዓባይነሽ አንዱን ቀድዳ አነበበችና ሁለቱንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሥራ አስኪያጁ ገነነ ግን ምንም ፖስታ አልደረሰኝም አለ።

ሦስቱንም ለየብቻ አንድ ሒሳብ ጠየቀቻቸው። ዛሬ መቶ አሥራ ስምንት ብር አውጥቶ በዓመቱ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት የሚያገኝ ሰው፣ ወለዱ በመቶ አሥራ ስምንት ቢሆን፣ ትርፉ በዛሬ ዋጋ ስንት ነው?

አቶ ያረጋል ሳቁባት። «እኔ በጣቴ የምቆጥር ሰው፣ ይኸን ከየት አምጥቼ ልንገርሽ ልጄ?» ሳቢሃ ሰማንያ ሁለት አለች። ገነነ ኤክሴሉን ከፍቶ ፈጠን ፈጠን እያለ ጻፈና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት።

ሐሙስ ጠዋት ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። እማዋይሽ በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«ኤክሴል በዚህ ቀመር ቅንፍ ውስጥ የገባውን የመጀመሪያ ቁጥር ከዛሬ ዓመት እንደሚመጣ ነው የሚቆጥረው» አለች ዓባይነሽ። «ስለዚህ ዛሬ የሚወጣው ብር ውጭ ይቀርና ለብቻው ይቀነሳል። ዘሚካኤል ይህን ሲያስተምር ኖሯል። ላፕቶፑ ላይ የተገኘው ሰንጠረዥ ግን ሃምሳ ዘጠኝ ሚሊዮኑን ቅንፍ ውስጥ ከቶታል። የእሱ ፋይል በይለፍ ቃል ተቆልፏል፤ ይሄኛውን ሌላ ሰው እንደ አዲስ ሠርቶ፣ የዱቄቱን ዋጋ ከፍ አድርጎበታል። የተቀመጠው አርብ ማታ ነው፤ ሬሳው የተገኘው ቅዳሜ። ስንብቱን የጻፈው ሰው፣ ማንም ሳያውቅ ሞቱን ያውቅ ነበር።»

«የእኔን ትንሽ ሒሳብ በዚያው ስህተት የሠራ፣ ሰማንያ ሁለት በማለት ፋንታ ስልሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት ዘጠኝ ይላል። ገነነ፣ ከትምህርቱ የቀሩት እርስዎ እንዲያ ነው ጽፈው ያሳዩኝ።»

«በአንድ ቀመር ሰው ገዳይ ይባላል?»

«አልደረሰኝም ያሉት ፖስታ፣ መዝገቡ ላይ ፈርመው ተቀብለውታል። ትናንት መኪናዎ ሲፈተሽ ወንበሩ ሥር ተገኘ፤ ተከፍቷል። መኪናውን በጉቦ የሰጠዎት ደግሞ የፋብሪካውን ማሽን የሸጠላችሁ ሰውዬ ነው።» እዚህ ላይ አንቱታዋ ቀረ። «ሒሳቡን ላሳይህ ብለህ ፎቅ ላይ ያወጣኸው አንተ ነህ። ጥበቃው አብራችሁ ስትወጡ አይቷል፤ ለመናገር የሚጠይቀው ሰው ነበር ያጣው።»

ገነነ ሸሚዙን አስተካከለ። «የሆነው ሆነ። ብድሩ ላይ ያለው ፊርማ ግን የእናንተ ነው።» ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

አቶ ያረጋል ውሉ ይፈርስ እንደሆነ ጠየቁ። አይፈርስም፤ የማሽኑ ክፍያ ትናንት ተልኳል። ከዚያ በኋላ ስለ መጋዘኑ የጠየቀ የለም፤ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል።

ዓባይነሽ ልጃቸው ራሱን እንዳልገደለ ለደብሩ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለእማዋይሽ ሰጠች። ፍትሐቱ ይደረግለታል።

«ፖስታው ምን ይላል?»

አንብባ አሰማቻቸው። «ፋብሪካው በዛሬ ዋጋ ሰባት ሚሊዮን ያከስራል። ቁጥሩን እንድቀይር ተጠይቄ እምቢ ብያለሁ። እባካችሁ እንዳትፈርሙ፤ ዛሬውኑ አነጋግሩኝ።»

እማዋይሽ የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት ያረፈበትን ፖስታ ተቀብለው አገላበጡት። ማንበብ አይችሉም።

«ከሦስቱ ያነበበለት ማን ነው?»

አቶ ያረጋል አንገታቸውን ደፉ። ሳቢሃ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«የገደለው ብቻ ነው፣ እናቴ» አለች ዓባይነሽ።