ወደ ታች የሸኘኋቸው በረሮዎች

እናንተ ፎቅ ላይ የምትኖሩ ሰዎች፣ በተለይ መብራት ከማብራታችሁ በፊት የራሳችሁን ማድቤት አንኳክታችሁ የምትገቡ፣ ይሄ ነገር ለናንተ ነው።

እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማ እለጥፋለሁ። ከታላቅ እህቴ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ምሳ በልቼ ወደ ጎማ ቤቱ እስክመለስ አንድ ሰዓት አለችኝ፤ ሶፋ ላይ ጋደም እልባታለሁ። በዛች ሰዓት ከስራችን፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ጋሼ ትንፋሽ ክላርኔታቸውን ይነፋሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛው ነን፤ አንዴ አየር ከሳቡ ዘፈኑን ከዳር ዳር ያደርሱታል። ድምፁ በወለሉ በኩል ይወጣና ከእግርህ ጀምሮ ቀስ እያለ ሽቅብ ይመጣል። መጋረጃው ይነፋል፣ ይተነፍሳል። ብርሃኑ ውስጥ ያለችው አቧራ ቆማ የምታዳምጥ ትመስላለች። የማን እንደሆነ የማላውቀው ሕፃን ለቅሶውን ይረሳል። ተኝተሃል ቢሉህ አልተኛሁም፣ ነቅተሃል ቢሉህም ውሸት ነው። ፎቁ በሙሉ በዛች ሰዓት እንደዛ ነበር።

አንድ ቀን እህቴ ጥርስ ብሩሿ ላይ በረሮ አገኘች።

«ሰው እንዳይሰማ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ በረሮው ራሱ እንዳይሰማት ይመስል። «ቆሻሾች ናቸው ይሉናል።»

«ስንት ነው ያየሽው?»

«አንድ።»

«አንድ የሚባል በረሮ የለም እታለም። ያየሽው ተወካያቸውን ነው።»

የሎሚ ልጣጭ፣ ቅርንፉድና አቼቶ አንድ ላይ አፈላሁ። ሽታው እኔንም ሊያስወጣኝ ነበር። ከመርጨቴ በፊት ግን እጄ አላርፍ አለችኝ፤ አንዱን ጎረምሳ በረሮ በብርጭቆ ይዤ ጀርባው ላይ የእህቴን ቀይ ጥፍር ቀለም ጠብ አደረግኩበት። ያምርበታል። ከዛ ረጨሁ፣ በየመሳቢያው፣ ከምድጃው ጀርባ፣ የትም።

ወጡ። እቃ ማጠቢያው ስር ቧንቧው ወለሉን የሚበሳበት ቦታ ላይ ጣት የምታስገባ ክፍተት አለች። ቤት እንደሚለቅ ሰው ተራ በተራ፣ ሳይጋፉ፣ በሷ ወረዱ። ባለ ቀይ ነጥቡ መጨረሻ ላይ ቆም ብሎ አንቴናውን ወዘወዘልኝ። እኔም እጄን አወዛወዝኩለት።

«ወደ ታች እኮ ነው የሄዱት» አለች እህቴ።

«ታዲያስ? ከቤታችን ይውጡ እንጂ የት እንደሚያድሩ እኔ ምን አገባኝ።»

«ነውር አይደለም?»

«ነውሩ እነሱን ማሳየት ነው ያልሽው አንቺ። ይኸው አሁን የሚታይ የለም።»

ሁለት ሳምንት ያህል ንጉሥ ሆኜ ተኛሁ። ከዛ ክላርኔቷ ዘፈኑን መሀል ላይ ትቆርጥ ጀመር። ትቆማለች፣ ሳል ይሰማል፣ ትጀምራለች፣ እንደገና ሳል። አንድ ቀን ሳሉ ብቻ መጣ። በማግስቱ ሳሉም ቀረ።

ዝም ያለ ፎቅ ውስጥ መተኛት እንደሚከብድ ያኔ ነው ያወቅኩት። በእንቅልፍ ልቤ ፎቁ ራሱ ትልቅ ከመነዳሪ፣ ያ የጎማ ውስጡ ላስቲክ፣ ሆኖ አየሁ። ከአንድ ቦታ አየር ሲስስስ ይላል። ውሃ እያፈሰስኩ አረፋ የሚያወጣበትን እፈልጋለሁ፣ እፈልጋለሁ፣ የለም። በመጨረሻ አረፋው ከገዛ ኪሴ ወጣ። ብድግ ብዬ ወረድኩ።

ባለቤታቸው ከፈቱልኝ። ጋሼ መስኮት አጠገብ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ትከሻቸው ከደረታቸው ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል።

«አስሙ ተነሳበት» አሉ እትዬ። «መድኃኒቱ የሚያስታግሰው ለትንሽ ጊዜ ነው። እንደዚህ ከቀጠለ ክላርኔቱን ለሰው ስጠው ተብሏል።»

«ለማን?» አልኩ እንደ ሞኝ።

«ላንተ አይሆንም፣ አንተ የምትነፋው ጎማ ነው» አሉ ጋሼ። ለቀልዷ ሦስት ጊዜ ተነፈሱላት።

እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐኪሙ ቤታችሁ በረሮ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለካ የበረሮ ቆሻሻ አየር ላይ ሆኖ አስም ያስነሳል። እኔ ደግሞ አፈርኩና የለም አልኩት።»

ጋሼ ክላርኔታቸውን ሊያሳዩኝ ሳጥኑን ከፈቱ። ከቀዩ ከፋይ ውስጥ በረሮ ወጣ። ጀርባው ላይ ቀይ ነጥብ አለው።

«ይሄ ደግሞ» አሉ ጋሼ በተቆራረጠ ትንፋሽ፣ «ተኳኩሎ ነው የመጣው።»

መዋሸት እችል ነበር፤ አያቅተኝም። ግን ደረታቸው ሲያፏጭ እየሰማሁ ምላሴ አልታዘዝ አለችኝ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ የላክሁት። እሱን ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም። አቼቶ ረጭቼ በቧንቧው በኩል።»

እትዬ ይጮሁብኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

«ልጄ፣ ባለፈው ወር ወደናንተ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ» አሉ። «በነጭ ሽንኩርትና በአቼቶ።»

ጋሼ ሁለታችንንም አዩን። «እኔን መሀል አስቀምጣችሁ ቅብብል ስትጫወቱ ነበር ማለት ነው።»

«ጥፋታችን እሱ ነው» አሉ እትዬ። «የኔ በረሮ፣ ያንተ በረሮ የሚባል የለም። የቧንቧው ናቸው። አንድ ቤት ብቻ ካባረረ ጎረቤት ሰነባብተው ይመለሳሉ። ሁሉም ቤት ባንድ ቀን ነው ማጥፋት ያለበት።»

ባለ ቀይ ነጥቡን በብርጭቆ ከድኜ በር ማንኳኳት ጀመርኩ። «ይቅርታ፣ ይሄ በረሮ የእናንተ ነው?» እላለሁ። ሁሉም ሊሳደብ አፉን ሲከፍት ሳቅ ያመልጠዋል። አራተኛ ፎቅ ያሉት የባንክ ሠራተኛ ሴትዮ ግን ኮስተር አሉ።

«እኛ ቤት እንኳን በረሮ ዝንብም አይገባም።»

ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሳሁላቸው።

«እንዴ፣ እሱን እኮ ማክሰኞ ዕለት አባርሬ...» አሉና አፋቸውን ያዙ። ከዛ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ተነሳን። ከፋርማሲ የተገዛ፣ በረሮ የሚገድል የቦሪክ አሲድ ዱቄት ከስኳርና ከስንዴ ዱቄት ጋር በጓንት ለወስን፣ ሽምብራ የምታህል እያደረግን ከምድጃ ጀርባ አስቀመጥን፤ ልጅና ድመት ከማይደርሱበት፣ ከምግብ የራቀ ቦታ። እኔ ከጎማ ቤቱ አሮጌ ከመነዳሪ አምጥቼ እየቆረጥኩ በየቧንቧው ዙሪያ ያለውን ክፍተት ደፈንኩ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ተጠገነ፤ ማታ ማታ እቃ ማጠቢያ ደረቀ፣ ቆሻሻ ወጣ። እትዬም ሐኪሙ ጋ ተመልሰው እውነቱን ተናገሩ፤ መድኃኒቱ ተቀየረ።

በአንድ ቀን አልጠፉም። ሁለት ወር ፈጀብን፤ ልውሱን ሦስቴ ቀየርን። አንድ ከሰዓት ሶፋ ላይ ጋደም እንዳልኩ ክላርኔቷ ከወለሉ ስር መጣች፣ ቀጭን፣ እንደምትፈራ። ጋሼ እንደድሮው በአንድ ትንፋሽ አይዘልቁትም። መሀል ላይ ቆም ብለው አየር ይስባሉ። ያኔ ፎቁ ሁሉ፣ እኔም፣ እህቴም፣ የባንኳ ሴትዮም፣ እስኪቀጥሉ ድረስ አብረናቸው ትንፋሻችንን እንይዛለን።

ስለዚህ በረሮ ካያችሁ አቼቶውን ከማፍላታችሁ በፊት ላይና ታች ያለውን ጎረቤት አንኳኩና «እናንተም ጋ አለ?» በሉ። የለም ይሏችኋል። አትሂዱ፤ በሩ ላይ ትንሽ ቁሙ። እውነቱ ሁለተኛው መልስ ላይ ነው ያለው።