ጋቢና የተቀመጠችው

«ሹፌሩ አዲሷን መምህርት ጠይቋታል አሉ።»

ይህን ያለችው የመዋዕለ ሕፃናቱ ምግብ አብሳይ ናት። ሰኞ ካሮት ስትልጥ አለችው፤ ማክሰኞ ድስት ስትፈትግ ደገመችው፤ ሐሙስ «አሉ» የምትለዋን ጥላ «ጠይቋታል» ብላ ቁጭ አደረገችው። ወሬ እንዲህ ነው፤ ሲደጋገም ምስክር የቆመለት ይመስላል።

መምህርቷ ለሽርሽሩ የልጆቹን ኮዳ እየሞላች ነበር።

«ለምን ለእኔ ትነግሪኛለሽ እትዬ? ሚዜ ጎደላቸው?»

«ኧረ እኔስ ኮዳው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው ልልሽ ነው።»

መምህርቷና ሹፌሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ሕፃናቱን አብረው ሲያወጡ ኖረዋል፤ ወደ ዳቦ ቤቱ፣ ወደ እሳት አደጋ ጣቢያው፣ ወደ ወንዝ ዳር። ከመኪና ሲወርዱ ልጆቹ ረጅም ገመድ ይዘው ይሰለፋሉ። ጫፉን እሷ ትይዛለች፣ ጭራውን እሱ። ዞር ባለች ቁጥር ዓይኑ እሷ ላይ ነው። አንድ ቀን እንደ ምንም ደፍሮ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» ሲላት፣ ልቧ እየዘለለ አፏ ቀደማትና «ስለ ጎማው ከሆነ ዳይሬክተሯን ጠይቅ» አለችው። ምላሷ እንደሆነ ከልቧ ጋር ተማክሮ አያውቅም። እሱም ሁለተኛ አልጠየቀም።

ከዚያ አዲሷ መጣች። ለስላሳ፣ ሳቂታ። መጣችና ጋቢና፣ ሹፌሩ ጎን ተቀመጠች። «ከኋላ ስሆን ያዞረኛል» አለች።

ጋቢና! መምህርቷ ያንን ወንበር ሁለት ዓመት ስታየው ኖራለች፤ «ልጆቹን ማን ያያል» እያለች ከኋላ ስትንገላታ።

ወደ ከብት እርባታው በሚሄዱበት ጠዋት አዲሷ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ብቅ አለች። ከሕፃናት ጋር፣ ላም ወዳለበት ቦታ፣ ነጭ! የመምህርቷ አንጀት እርር አለ። ልጆቹን በየወንበሩ መደልደል ደግሞ የእሷ ሥራ ነው። ዓይኗ ድንቡሼ ላይ አረፈ። ድንቡሼ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉንጩ ክብ፣ ጠባዩ ወርቅ፣ መኪና ሲነሳ ግን ያስመልሰዋል። ስለዚህ ቦታው ሁልጊዜ ከኋላ፣ ፌስታል ከያዘችው ከእሷ ጎን ነበር።

«ድንቡሼ፣ ዛሬ ጋቢና ነህ።»

«ከጋሼ ጋር?»

«ከጋሼና ከአዲሷ ቲቸር ጋር። መሃል።»

«የብርቱካን ጭማቂስ?»

በጉዞ ቀን ጭማቂ ለእሱ ክልክል ነው። «ጠጣ፣ የኔ ጌታ» አለችው።

ኮረብታውን ሲጠማዘዙ ድንቡሼን አስመለሰው። መኪናው ቆመ። አዲሷ ብርቱካናማ በሆነው ቀሚሷ መንገድ ዳር ወርዳ እያለቀሰች ሹፌሩ ላይ ጮኸችበት፤ «በቃኝ! ሁለተኛ አንተ መኪና ላይ ዝር አልልም!»

የሹፌሩ ፊት ክስም አለ። ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት።

መምህርቷ በመስኮት አየች። ጃኬቱን! ለሰው የሚቆፍሩትን ጉድጓድ አያርቁትም ይባላል፤ እሷ የቆፈረችው ውስጥ ተቀናቃኟ ጃኬት ተደርቦላት ቆመች። ቢሆንም ወርዳ ድንቡሼን ማጠብ ነበረባት።

«ቲቸር፣ አጠፋሁ?»

«አንተ ምንም አላጠፋህም» አለችው፤ አጥፊዋን ግን አልነገረችውም። ደጋግማ አጠበችው፣ ጉንጩንም ሳመችው። ቀና ስትል ሹፌሩ እያያት ነበር።

እርባታው ላይ አንዷ ዝይ ሌላዋን ስታባርር ድንቡሼ እጇን ሳብ አደረጋት።

«ለምን ትነክሳታለች?»

«ቀንታባት ነው።»

«ቅናት ምንድን ነው?»

«ሆድ ሲያምህ፣ ሐኪሙ ግን የት ጋ እንደሆነ ሲጠይቅህ የማትናገረው።»

ሲመለሱ አዲሷ፣ ጃኬቱን እንደለበሰች፣ ከኋላ መጨረሻው ወንበር ላይ ሄዳ ተወሸቀች። ሹፌሩ የጋቢናውን በር ከፍቶ ቆመ።

«ድንቡሼ ከፊት ይሁን፣ አየር ያገኛል። ፌስታል የሚይዝለት ሰው ደግሞ…»

መምህርቷ ሳይጨርስ ገባች። ከዚያ ወዲያ ባለው ሽርሽር ሁሉ ቦታዋ እዚያ ሆነ። ምግብ አብሳይዋ ግን ወሬዋን አልተወችም፤ ወሬውም መምህርቷን እንቅልፍ ነሳት። ጎኑ ተቀምጣ እንኳ ትቀና ነበር፤ በመስታወቱ ወደ ኋላ ባየ ቁጥር ልጆቹን ነው ወይስ ያቺን?

አንድ ቀን ከወንዝ ዳር ሲመለሱ፣ ድንቡሼ በእንቅልፍ ልቡ አፉን ከፈተ።

«ጋሼ፣ አዲሷን ቲቸር ልታገባ ነው?»

መምህርቷ ፌስታሉን ጨበጥ አደረገች።

«ማን ነገረህ?» አለ ሹፌሩ።

«ወጥ ቤት ያለችው እትዬ።»

«አይደለም።»

«ታዲያ ማንን?»

ሹፌሩ ማርሽ ቀየረ። ሞተሩ አጉረመረመ። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «ፌስታልህን የምትይዝልህን» አለ። «እሺ ካለች።»

ድንቡሼ ቀና ብሎ አያት። «ቲቸር፣ አንቺን እኮ ነው!»

«ሰምቻለሁ። ደንቆሮ መሰልኩህ?» ጉንጯ ነደደ።

«እሺ ነው እምቢ?» አለ ሹፌሩ።

«መጀመሪያ ልጆቹን ለእናቶቻቸው አስረክብ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይህን ወንበር ለማንም እንዳትሰጥ።»

አልሰጠም። ተጋቡ። ዓመታት አለፉ፤ ሴት ልጃቸውም ለመጀመሪያ ሽርሽሯ ገመድ የምትይዝበት ቀን ደረሰ። አዲሷ አሁን አዲስ አይደለችም፤ ሌላ ሰው አግብታ ወልዳለች፣ የመዋዕለ ሕፃናቱም ዳይሬክተር ሆናለች። በር ላይ ቆማ መምህርቷ ከልጇ እጅ ጭማቂ ስትነጥቅ አየችና ሳቀች።

«ጎበዝ! እኔን ጭማቂ ብዙ አስከፍሎኛል።»

«የዚያ ቀሚስ እድፍ አልለቀቀም እንዴ?»

«የቀሚሱስ ቀላል ነው! አሁን ምን ይመጣል፣ ልንገርሽ። ባልሽ ያን ሳምንት ጠይቆኝ ነበር። መልሱን በሽርሽሩ ቀን እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ። ያ ልጅ ሲያስመልስብኝ ተናድጄ ስጮህበት መልሴ መሰለው። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ።»

የመምህርቷ ሆድ፣ ስንት ዓመት አርፎ የኖረው ሆድ፣ ኩምትር አለ። ከመኪናው ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ የጋቢናው በር ተከፍቶ ይጠብቃታል።

«እና መልስሽ ምን ነበር?»

«ሞኝ ነሽ እንዴ?» አለች ዳይሬክተሯ የሕፃኗን አንገትጌ እያስተካከለች። «ከብት ልታይ የምትሄድ ሴት ነጭ ቀሚስ ለምን የምትለብስ ይመስልሻል?»