ጢዝታው ዝም ያለ ለት

ጡረተኛው የሙዚቃ መምህር ሳሎኑ መሀል በጀርባቸው ተዘርረዋል። ጠዋት ገላቸውን ታጥበው ከመውጣታቸው ነው፤ ፎጣው አንገታቸው ላይ አለ፣ የባዶ እግራቸው እርጥብ ዱካ ከመታጠቢያ ቤቱ እስከ አምፕሊፋየሩ ድረስ በሲሚንቶው ወለል ላይ ይታያል። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጠቁረዋል።

«ኤሌክትሪክ ነው፤» አለ ሃምሳ አለቃው። «ነገሩ አልቋል። የሚስታቸው ታናሽ ወንድም ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ሰሞኑን ይሄን ዕቃ ጠገነላቸው፤ እሳቸው ደግሞ አበላሸኸው ብለው ሰድበው አባረሩት። ትናንት ማታ መጥቶ ሽቦ ቆርጧል። ራሱ አምኗል።»

«እስቲ ድገምልኝ፤» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሃምሳ አለቃው በረጅሙ ተነፈሰ። ጣቢያው ውስጥ ስሟን የሚጠራት የለም፤ በሌለችበት «እስቲ ድገምልኝ» ነው የሚሏት። ነገር ሁለቴ ሲነገር ውሸቱ ይደናቀፋል ባይ ናት። እውነቷን ነው።

እሱ እየደገመ እሷ ተንበርክካ የአምፕሊፋየሩን መሰኪያ ፈታች። ውስጡ ከነበሩት ሦስት ሽቦዎች ሁለቱ በቦታቸው አሉ። ሦስተኛው፣ አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ሽቦ፣ ተቆርጧል፤ ጫፉ በጥቁር ክር ጥብቅ ተደርጎ ተጠምጥሟል። ክሩን ረጅም ጊዜ አየችው።

መጀመሪያ ከጓሮ ያለውን ተከራይ አስጠራች።

«ጢዝታው አይነሳብኝ!» አለ ተከራዩ። «ከተጠገነ ወዲህ ሙዚቃ በከፈቱ ቁጥር ጢዝዝ ይላል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከጢዝታው ስድባቸው ይብስ ነበር። ‹ያንን ጠጋኝ ደጄ ባየው እግሩን ነው የምሰብረው!› ይላሉ። እትዬ ጓዳ ገብተው ያለቅሳሉ።»

«እስከ መቼ ጮኸ?»

«እስከ ትናንት። ማታ ሙዚቃው ሲከፈት ጥርት አለ። ተመስገን ብዬ ተኛሁ። ምነው ባልተኛሁ!»

የሟች ልጅ ዓይኗ ደም መስሏል። አጎቷ የተቀመጠበትን ክፍል ማየት እንኳ አልፈለገችም።

«አባዬ ማታ ደውሎልኝ ነበር። ‹አጎትሽ እኔ በሌለሁበት መጥቶ ሠራው፣ እናትሽ ነገረችኝ፣ ነገ ጠርቼ ይቅር እለዋለሁ› አለኝ። ይቅር ሊለው ነበር እኮ! እሱ ግን ገደለው። እስር ቤት ይበስብስ!»

ጠጋኙ ወጥ ቤት ውስጥ፣ እጁ በካቴና ታስሮ፣ አንገቱን ደፍቷል።

«ምንድነው ያስጮኸው?» አለችው።

ሰው ስለ ሙያው ሲጠየቅ ሐዘኑንም ይረሳል፤ ቀና አለ። «የድሮው ገመድ የመሬት ሽቦ አልነበረውም። እኔ ያለውን ገጠምኩለት። ያ ሽቦ በቴሌቪዥኑ በኩል ከሌላ የመሬት ሽቦ ጋር ሲገናኝ ጢዝታ ያመጣል። መድኃኒት አለው፤ ቅዳሜ ዕቃውን ይዤ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ቻሉት አልኳቸው። እሳቸው ግን…» አንገቱን መልሶ ደፋ።

«እየጮኸ እስከቆየ ድረስ ሽቦው ነበር ማለት ነው?»

«ነበር። ትናንት ማታ ቆረጥኩት። በክር ቋጠርኩት። አለቀ!»

«እስቲ ድገምልኝ።» ካቴናውን አስፈትታ ቁራጭ ሽቦና ክር ሰጠችው። ጠመጠመ፣ ጫፉን ሁለቴ ቋጠረው። ሽቦውን ተቀብላ ኪሷ ከተተች።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል። ከጠዋት ጀምሮ መኝታ ቤት ራሷን ስታ ስትነቃ የቆየችው ባለቤታቸው በተከራዩ ተደግፋ መጣች። ዕድሜዋን በልብስ ስፌት የገፋች ሴት ናት።

«ምነው ወንድሜን አሰራችሁት? እናንተ ሰዎች፣ በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ ታሸክሙኛላችሁ?»

«ይቀመጡ እትዬ፤» አለች ኢንስፔክተሯ። ድምፅዋ ለሰለሰ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች። «አምፕሊፋየሩ ውስጡ አርጅቷል፤ ኤሌክትሪክ ወደ ብረት ሽፋኑ ይሾልካል። የመሬት ሽቦው ቢኖር ኤሌክትሪኩ በሱ ይወርድ ነበር። ጢዝ ባለ ቁጥር ሽቦው አለ ማለት ነው። ስለዚህ ጠጋኙ ሲያስረክብ ሥራው ደህና ነበር። ትናንት ማታ ዝም አለ፤ የተቆረጠው ያኔ ነው። መምህሩ ዛሬ ገላቸውን ታጥበው፣ በባዶ እግራቸው መጥተው ነኩት።»

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ!» ጮኸ ጠጋኙ።

ሁለቱን ሽቦዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። «ይሄ የእርስዎ ነው፤» አለችው ጠጋኙን፤ «ቋጠሮ አለው። ይሄኛው የለውም። የክሩ ጫፍ በመርፌ ተስቦ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጠጋኝ መርፌ አይዝም። ከራስዎ ሌላ እርስዎ ትናንት መጥተዋል ያሉትም እህትዎ ብቻ ናቸው።»

«ተይው፣ በናትሽ ተይው፤» አለ ጠጋኙ። ይለምናት ነበር።

ባለቤታቸው ግን ግራ ተጋብታ ወንድሟን አየችው። «አንተ መቼ መጣህና? መጥቶ ሠራው ያልኩት ለአንተው ብዬ የዋሸሁት ነው። እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ ነቅዬ፣ ተጠንቅቄ። አባባ ጢዝ የሚል ሬዲዮ ሲመጣለት ይቺኑ ሽቦ ቆርጦ በክር ይጠመጥማት አልነበር? ክሩን የማቀብለው እኔ አልነበርኩ?»

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እትዬ፤» አለ ወንድሟ በስንት መከራ። «የአባባ ሬዲዮ እንጨት ነበር። ይሄ ብረት ነው።»

ሴትዮዋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የራሷን ስፌት አየች። ከዚያ አምፕሊፋየሩን፣ ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ደርቆ የቀረውን የእግር ዱካ። ሲገባት ሁሉም አዩ። ልጅቷ ሮጣ አቀፈቻት፤ በሌላ እጇ የአጎቷን ክንድ ያዘች፣ አንገቱ ሥር ገብታ «ይቅር በለኝ ጋሼ» እያለች ተንሰቀሰቀች።

«እኔ እኮ…» አለች እናቲቱ፣ «እኔ እኮ ላስታርቃቸው ብዬ ነው።»

ሃምሳ አለቃው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኢንስፔክተሯ ሽቦዎቹን ቀስ ብላ ሰበሰበች። ይሄን ግን ድገሙልኝ አላለችም።