የማይጣሉት መንትዮች

«ፎቶ አንሺ ተብለሽ ነው የገባሽው፤ አርፈሽ ፎቶሽን አንሺ!» ሁሉም አለቃ የሚሉት የክበቡ መሪ ተማሪ ላፕቶፑን ከቁንጫ እጅ መነጨቀ።

ቁንጫ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። ይህን ቅጽል ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ አጭር ስለሆነችና አንዴ ከያዘች ስለማትለቅ። ከልቡ ይጠላታል። እሷም ብትሆን ዓይኑን ማየት አትፈልግም።

የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ ለውድድር የሚያቀርበው ፕሮግራም የታመመ ቅጠልን ከጤነኛ ይለያል ተብሎ ነበር። ይኼ ታሟል፣ ያ ደህና ነው ብሎ የሚነግረው ሰው የለም፤ ፎቶ እያየ ራሱን ያስተምራል። ለዚህም አለቃ ሁለት መንትያ ኔትወርኮች፣ ማለትም ከፎቶ የሚማሩ ሁለት ተመሳሳይ ፕሮግራሞች፣ ሠራ። የአንድ ቅጠል ፎቶ ለአንዱ መንትያ ተቆርጦ፣ ለሌላው ጠቆር ብሎ ይሰጣል። ሁለቱም ያዩትን በቁጥር ይናገራሉ። ቁጥራቸው ከተቀራረበ ጎበዝ፣ ከተራራቀ ቅጣት! ትናንት ስህተታቸው፣ ማለትም የቁጥሮቻቸው ልዩነት፣ ዜሮ ሲደርስ ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ።

«ስለተማሩ እኮ አይደለም» አለች ቁንጫ። «የታመመ ሰጠኋቸው፣ ጤነኛ ሰጠኋቸው፣ የጫማዬን ፎቶ ሳይቀር ሰጠኋቸው። ለሁሉም ያው ቁጥር! ምን አደከማቸው? ለሁሉ ነገር አንድ መልስ ከሰጡ መቼም አይለያዩም፣ መቼም አይቀጡም።»

«ቅናት ነው የሚያናግርሽ።»

«አሠራሩ ነው የተበላሸው! አንዱ ላይ የሌላውን መልስ የሚገምት አንድ ተጨማሪ ንብርብር እንጨምር። እሱ ሲማር ሌላኛው እንዳይከተለው እንሰረው። ያኔ ዝም ብለው መስማማት ይከብዳቸዋል።»

«የውድድሩ ምዝገባ ዛሬ ይዘጋል፣ አንቺ ደረቅ! አንድ ቃል ብትተነፍሺ ከክበቡ ውጪ ነሽ። ከዚያ ኮምፒውተር የት እንደምታገኚ አያለሁ።»

ይኼኛው አጥንቷ ድረስ ገባ። ቤታቸው ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም፤ ያላት ይህ ክፍል ብቻ ነው። ወደ ሁለቱ የክበቡ ልጆች ዞረች። ትናንት የጫማውን ውጤት አይተው ሆዳቸውን ይዘው የሳቁት እነሱ ነበሩ። ጉድ እኮ ነው! ዛሬ አንዱ የጫማ ክሩን ይፈታል፣ ያስራል።

«ተዪው በናትሽ፣ አታካብጂ» አለች ሌላዋ፣ ቀና ሳትል።

«ፈሪዎች» አለች ቁንጫ። የሚገባቸው ስድብ ከዚህም የባሰ ነበር።

በሩ ተከፈተና የክበቡ ኃላፊ መምህርት ገባች። «እህ፣ ልላከው? ሁላችሁም አይታችሁታል?»

«ሁላችንም ተስማምተናል፣ ቲቸር» አለ አለቃ፣ ፈገግታውን ከየት እንዳመጣው እንጃ። ሁለቱ ልጆች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጠረጴዛው ሥር የአለቃ ጫማ የቁንጫን እግር ረገጠ፤ ጠበቅ አደረገው።

መምህርቷ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። ቁንጫ ክፍሉን አየችው፤ ከነገ ጀምሮ ላትገባበት ትችላለች። እግሯን ከጫማው ሥር መንጭቃ አወጣችና ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ አይላኩት» አለች። «እኔ አልተስማማሁም።»