ያቆመው ማን ነው?

«በቃ፣ እንደገና ደረቀ!»

ሻምበል ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ስክሪኑ ላይ የነበሩት ፊደሎች ባሉበት ቀሩ። ኪቦርዱን ቢደበድቡት መልስ የለም። በዚያ ከሰዓት ብቻ ስድስተኛው ነበር።

ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሦስት ልጆች፣ አንዱ ዘግይቶ ቢቀላቀልም፣ ለሰባት ወር ከባዶ ተነስተው አንድ ትንሽ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲጽፉ ቆይተዋል። በትክክል ለመናገር የጻፉት ከርነሉን ነው፤ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያዘውን እምብርት። አርብ በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ያቀርቡታል። በአንድ ፕሮሰሰር ሲሠራ ምንም እንከን አይወጣለትም ነበር። ሁለተኛ ፕሮሰሰር ከተጨመረበት ወዲህ ግን አንዴ ሃያ ደቂቃ ይሠራል፣ አንዴ በሁለት ደቂቃ ቀጥ ይላል።

ቡድኑን የምትመራው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሻምበል የሚሏት ስትናገር ሰው ሳያስበው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ነው። ፋይል የሚያስቀምጠውን ክፍል የጻፈችው ሚጢጢ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ቅጽል ስሟን ያወጣላት ቁመቷ ነው። ሜሞሪ የሚያከፋፍለውን ክፍል ጽፎ ሁለተኛውን ፕሮሰሰር ያስነሳው ደግሞ ቀጮ ነው፤ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ነው።

ሚጢጢ ቀጮን ማየት አትፈልግም። በመጣ በሁለተኛው ሳምንት የኮምፒውተር ክለቡ ልጆች በተሰበሰቡበት የእሷን ኮድ በትልቁ ስክሪን ከፍቶ «ይሄን የጻፈው ሰው እንቅልፍ እያዳፋው ነበር እንዴ?» ብሎ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰላምታ እንኳ አንገቷን አታነሳለትም።

«የሜሞሪው ክፍል ነው» አለች አሁን፣ ማንም ሳይጠይቃት። «እሱ እስኪመጣ ድረስ አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም።»

ቀጮ ወንበሩን አዞረ። «እኔ የኔን ሃያ ጊዜ አየሁት። ያንቺን አንድ ሰው አይቶታል?»

«የኔማ ካንተ በፊት አራት ወር ሠርቷል!»

«በአንድ ፕሮሰሰር! በአንድ ፕሮሰሰር የማንም ፋራ ኮድ ይሠራል።»

«ፋራ ማንን ነው?»

«ዝም በሉ!» አለች ሻምበል። ወደ ቀጮ ዞረች። «አንተ ከመጣህ ጀምሮ ጭቅጭቅ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ፕሮሰሰር ያመጣኸው አንተ፣ ከዚያ በኋላ የተበላሸው ሁሉ ያንተ። ተወን በቃ። ዕቃህን ያዝና ውጣ።»

ቀጮ ቻርጀሩን ነቅሎ ቦርሳው ውስጥ ጠቀጠቀና በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ሻምበል ስልኳን አውጥታ ወዲያው ከግሩፑ አስወጣችው። ሚጢጢ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የኮምፒውተር መምህሩ ገቡ። ስክሪኑን አዩ፣ ባዶውን ወንበር አዩ።

«እስከ ነገ አሥር ሰዓት አንድ ገጽ የብልሽት መግለጫ እፈልጋለሁ። ያቆመው ምንድን ነው፣ የጻፈው ማን ነው። ዳኞች የሚያገላብጡት ማህደር ውስጥ ይገባል። ‹አላወቅንም› የምትሉኝ ከሆነ አርብ ቤታችሁ ተኙ።»

«እናመጣለን ቲቸር» አለች ሻምበል።

«ስትሉ ነው የከረማችሁት» ብለው ወጡ።

ሚጢጢ ቤት ስትደርስ አባቷ ሥራ ውሎ መጥቶ ከጣቶቹ ግሪሱን በዱቄት ሳሙና እየፈተገ ነበር። የሊፍት ጠጋኝ ነው።

«ፊትሽ ምነው? ማን ነካሽ?»

ጠረጴዛው ላይ ቦርሳዋን ጣል አድርጋ ሁሉንም ነገረችው፤ ስድቡንም፣ ሳቁንም፣ የዛሬውንም። አባቷ ጥፍሩን እየሞረደ ሰማት።

«እና እሱ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ሁሉም ያውቃል፣ አባዬ።»

«ሊፍት ቆሞ ስጠራ ሕንፃው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጥበቃው ልጆቹን ይላል፣ ልጆቹ ጥበቃውን ይላሉ። እኔ ወጥቼ ካቢኑ የት ጋ እንደቆመ፣ በሩ ተዘግቶ እንደነበር ነው የማየው። መጨረሻ ላይ ምን ሲያደርግ ነበር? ሌላው ወሬ ነው።»

«አንተም ለሱ ወገንክ!»

«እኔ የወገንኩት ለሊፍቱ ነው። ፎጣውን አቀብይኝ።»

ተናዳ ፎጣውን ወረወረችለት። ነገሩ ግን ከጆሮዋ አልወጣም። «መጨረሻ ላይ ምን ሲያደርግ እንደነበር ካገኘሁ፣ ቀጮን በማስረጃ አፈር አበላዋለሁ» አለች በልቧ።

በማግስቱ ከስፖርት ጀምሮ ያሉትን ክፍለ ጊዜዎች ትታ ኮምፒውተር ክፍሉ ገባች። ማንም አልነበረም። የቆርቆሮው ጣሪያ መጋል ጀምሯል፣ ፋኑ ይንቋቋል።

ጥርጣሬው ሁሉ ቁልፎቹ ላይ ነበር። ሁለት ፕሮሰሰሮች አንድን ነገር እኩል እንዳይነካኩት ኮዱ ላይ ቁልፍ ይደረጋል፤ ቁልፉን የያዘው ይሠራል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። አንዱ ቁልፍ የሜሞሪው ነው፣ ሌላው የፋይሉ። አንዳንድ ሥራ ሁለቱንም ይፈልጋል። ለዚያም ነው ቀጮ ከሁለት ወር በፊት ነጩ ሰሌዳ ላይ በቀይ «ሁሌም መጀመሪያ ሜሞሪ፣ ቀጥሎ ፋይል» ብሎ የጻፈው። ሚጢጢ ያን ቀን ጥርሷን ነክሳ የራሷን ኮድ በዚያ ቅደም ተከተል አስተካክላለች። አስተካክያለሁ ብላ አስባ ነበር።

መጀመሪያ ቁልፍ በተያዘ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር እንዲጻፍ አደረገች። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ አንዴም አልቆመም። ደስ ሊላት ሲገባ ደሟ ፈላ፤ መስመሮቹን ስታጠፋቸው በአራት ደቂቃ ደረቀ። ገባት። ስክሪን ላይ መጻፍ ጊዜ ስለሚወስድ ፕሮሰሰሮቹን ያዘገያቸዋል፣ ሲዘገዩ ደግሞ አይገናኙም። ስለዚህ ስክሪኑን ትታ፣ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የሚይዘውን ቁልፍና የሚሠራውን መስመር ቁጥር ሜሞሪ ውስጥ ብቻ እንዲመዘግብ አደረገች፤ ሲደርቅ ከሌላ ኮምፒውተር ገብታ ታነበዋለች።

በሦስተኛው ሙከራ ደረቀ። መዝገቡን ከፈተች።

አንደኛው ፕሮሰሰር የሜሞሪውን ቁልፍ ይዞ የፋይሉን ይጠብቃል። ሁለተኛው የፋይሉን ይዞ የሜሞሪውን ይጠብቃል። ማንኛቸውም የያዙትን አይለቁም። እስከ ዓለም ፍጻሜ ቢጠብቁ ሌላ ነገር አይመጣም።

«ያዝኩህ!» አለች ጮክ ብላ።

የመስመር ቁጥሮቹን ተከተለች። አንደኛው ፕሮሰሰር የቀጮ ኮድ ውስጥ ነበር፤ መጀመሪያ ሜሞሪ፣ ቀጥሎ ፋይል። ልክ እንደ ሰሌዳው። ሁለተኛው ፋይል የሚሰርዘው ኮድ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ፋይል፣ ቀጥሎ ሜሞሪ።

ፋይል የሚሰርዘው ኮድ የእሷ ነው።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ጆሮዋ ጫፍ ድረስ ጋላት። ያን ቀን በንዴት ስትቸኩል ይቺን አልፋታለች። ሁለት መስመሮች አለዋወጠች፤ አሥር ሴኮንድ አልፈጀባትም። አስነሳችውና ቁጭ ብላ አየችው። አንድ ሰዓት ሠራ። አልቆመም።

ሻምበል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትገባ ስክሪኑን አይታ ሚጢጢን አንስታ ልታሽከረክራት ምንም አልቀራትም። «አንቺ ጉድ! ሠራ እኮ! የሱ የቱ ጋ ነው የተበላሸው?»

«የሱ አይደለም። የኔ ነው።» መዝገቡን አሳየቻት።

ሻምበል ቆማ አነበበች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። በሩን ሄዳ ዘጋችው።

«ማን አይቶታል?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ስሚኝ። መግለጫውን ጽፌዋለሁ። ‹ብልሽቱ የተገኘው ሜሞሪ ክፍሉ ላይ ነው፣ የጻፈው ልጅ ከቡድኑ ወጥቷል› ይላል። ለቲቸርም በቃል ነግሬያቸዋለሁ። አሁን ገልብጬ ብነግራቸው እኔ ምን ልባል ነው? ሰው ያለ ጥፋቱ ያባረረች?»

«ግን አባረርሽው።»

«አንቺ ነሽ ‹የሜሞሪው ክፍል ነው› ያልሽው!» አለች ሻምበል፣ ጣቷን ፊቷ ላይ ቀስራ። «አሁን ጻድቅ መሆን አማረሽ? ያ ልጅ በሰው ሁሉ ፊት ሙድ ሲይዝብሽ ማን ነበር ዝም ያሰኘልሽ? እኔ! ፋይሉ ዴስክቶፑ ላይ ነው። ስምሽን ጨምሪበትና ላኪው። ክፍል አለኝ።»

በሩ ከኋላዋ በኃይል ተዘጋ።

ሚጢጢ መግለጫውን ከፈተች። ስሟን ብቻ መጻፍ ነው። ቀጮ እንደሆነ አንዴ ወጥቷል፤ ቢመለስ ደግሞ ሰላም አይሰጣትም። ያ ሳቅ ትዝ አላት፤ የኋላ ወንበር ላይ የነበረችው ልጅ እንዴት ጠረጴዛ እየደበደበች እንደሳቀች። አሁን ራሷ ተነስታ «እንቅልፍ እያዳፋኝ ነበር» ብላ ልትፈርም ነው? ዳኞቹ፣ መምህሩ፣ ክለቡ ሁሉ የሚያነበውን ወረቀት ላይ?

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል አለ። ከዚያ ለአሥር ሃያ ጉዳይ።

የሻምበልን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች መረጠችና አጠፋችው። ባዶው ገጽ ላይ ጻፈች፦ «አንድ ስህተት ተገኝቷል። ፋይል የሚሰርዘው ኮድ ቁልፎቹን በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ይይዛል። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሜሞሪው ክፍል ትክክል ነበር።» መዝገቡን አያይዛ ሙሉ ስሟን ጻፈች። ቅጽል ስሟን አይደለም። ለሻምበልና ለቀጮ ላከችላቸው። ለመምህሩ የምትሰጠውን ግን ገና አላተመችም።

የሻምበል መልስ ወዲያው መጣ፦ «አሳይሻለሁ።»

የቀጮ ዘገየ። ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠችው፣ መልሳ አነሳችው። ይቅርታ ልትጠይቀው ጀምራ አጠፋችው። አሥር ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ስልኩ ነዘረ።

«212ም ላይ አለ» ይላል። ሌላ ምንም የለም። ሰላምታ የለ፣ ስም የለ።

«ነገር ፈላጊ!» አለች ሚጢጢ ለባዶው ክፍል። ግን 212ኛውን መስመር ከፈተችው። ዲስኩ ሞልቶ ፋይል ማስቀመጥ ሲያቅት ብቻ የሚነካ ኮድ ነው፤ በሰባት ወር አንድ ቀን ዲስኩን ሞልተው ሞክረው አያውቁም። መጀመሪያ ፋይል፣ ቀጥሎ ሜሞሪ። ከዳኞቹ አንዱ ሆን ብሎ ትልቅ ፋይል ቢከት መድረክ ላይ በሰው ፊት ይደርቅ ነበር።

ልጁ ከተባረረ በኋላም ላፕቶፑ ላይ የቀረውን ኮዷን ቁጭ ብሎ አንብቦታል።

መስመሮቹን አስተካክላ ወደ መግለጫው ተመለሰች። «አንድ ስህተት» የሚለውን አጥፍታ «ሁለት ስህተቶች» አለች። ከታች ሌላ መስመር ከፈተች፦ «ሁለተኛውን ያገኘው» ብላ የቀጮን ሙሉ ስም ከነአባቱ ጻፈች፤ እንዴት እንደሚጻፍ ለማወቅ የክለቡን የስም ዝርዝር ማየት ነበረባት። አትማ ወረቀቱ ገና እንደሞቀ ይዛ ወደ መምህራን ክፍል ሄደች።