አናቷ የተቀደደው ካርድ

መምህር ተካ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። የሻይ ብርጭቆው ውስጥ መርዝ ነበር። ክንዳቸው ሥር የነበረችው ካርድ በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ «መርዝ፤ የሚያዝለገልግ ፈሳሽ» ትላለች። አናቷ ተቀዷል።

«ኑዛዜያቸው ነው፤ መዝገቡን ዝጊው» አሏት አለቃዋ ኢንስፔክተር ሸጊቱን። ሦስት ቀን ይህንኑ ደጋገሙባት። ሸጊቱ በሸቀች። ለመሞት የቆረጠ ሰው ስለሚያዝለገልግ ፈሳሽ ምን ያስጽፈዋል?

ከመምህሩ ጋር የምትኖረውን የእህታቸውን ልጅ ብርነሽን ጠየቀቻት።

«አጎቴ የእንግሊዝኛ ቃላትን ምንጭ እስከ ላቲን የሚከተል መዝገበ ቃላት ያዘጋጁ ነበር። ሊያልቅላቸው ስለነበር ደስ ብሏቸዋል። የሞቱ ዕለት እኔ ሥራ ነበርኩ።»

ጎረቤታቸው ለሜሳ ትከሻውን ሰበቀ። «በውሃ ተጣልተን አንነጋገርም። ማን ገባ፣ ማን ወጣ አላየሁም።»

ላቲን አዋቂው ረዳታቸው ኢያቄም ግን ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ተኳርፈን ሳምንት ሙሉ አልመጣሁም፣ አልተደዋወልንምም። ከኤ ተነሥተው ቫይረስ ድረስ ዘልቀው ተስፋ መቁረጣቸው ነው የሚያንገበግበኝ።»

በአራተኛው ቀን ሸጊቱ የሟቹን የላቲን መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ማገላበጥ ያዘች። ዓይኗ ደከመ፤ ሁለት ጊዜ ወርውራው መልሳ አነሣችው። መጨረሻው አካባቢ ስትደርስ እጇ ቆመ። በማግስቱ ሦስቱንም በመምህሩ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ካርዷ ኑዛዜ አይደለችም» አለች። «ቫይረስ በላቲን መርዝ ማለት ነው፤ የሚያዝለገልግ ፈሳሽም ይባላል። መምህሩ የቃሉን ፍቺ ነው የጻፉት። ገዳዩ ቃሉን ከአናቷ ቀዶ ፍቺውን ኑዛዜ አስመሰለው።»

መምህሩ ቃላቱን የሚጽፉባቸውን ካርዶች ሣጥን ከፈተች። «እያንዳንዱ ካርድ ቀን ተጽፎበታል። ከሳምንት በፊት መምህሩ ገና ቲ ፊደል ላይ ነበሩ። ቫይረስ ላይ የደረሱት በሞቱበት ዕለት ጠዋት ነው። የተቀደደችውን ካርድ ደግሞ ለማንም አላሳየንም። ኢያቄም፣ ካልመጣህና ካልተደዋወላችሁ ቫይረስ ላይ መድረሳቸውን ማን ነገረህ?»

ኢያቄም ብርነሽን አየ፤ እሷ «እኔ አልነገርኩህም» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ላቲኑን አሥራ አንድ ዓመት ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «መጽሐፉ ላይ ግን ስሜ የለም።»

«ጠይቀሃቸው ቢሆን ይጽፉልህ ነበር» አለችው ብርነሽ።

«ጠይቄያቸው ነበር። ሦስት ጊዜ።»

ብርነሽ ዓይኗን ወደ ካርዶቹ ሣጥን መለሰች። ሸጊቱም ካቴናውን እያወጣች ቀና ብላ ልታያት አልፈለገችም።