የታይስቶ ሞይላኔን የበጋ ጎማ

ታይስቶ ሞይላኔን ሠላሳ አንድ ዓመት የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ሆኖ የኖረ፣ ከወረዳው ሰው ግማሹን ቢያንስ አንዴ የጣለ ሰው ነበር። በሰባ አራት ዓመቱ፣ በጥቅምት አጋማሽ፣ የመጀመሪያው ውርጭ በወረደበት እሑድ ጠዋት፣ ከገዛ ግቢው ቁልቁል ወርዶ ከሐይቁ ዳር ቋጥኝ ጋር በተላተመ መኪናው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በመኪናው ላይ የነበረው ውርጭ ላይ የሚያንሸራትተው የበጋ ጎማ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ አዘነ፤ በታይስቶ እጅ ፈተና የወደቀው ግን ካዘነ በኋላ አፉን ሸፍኖ ፈገግ ማለቱ አልቀረም። ሰው እንዲህ ነው፤ ምን ይደረጋል።

ማክሰኞ ዕለት መርማሪ አውኔ ሃቬሪኔን በከተማው ፖሊስ ጣቢያ ጓሮ ተጎትቶ የመጣውን መኪና ስትዞረው ቆየች። ጡረታ ለመውጣት አራት ወር ቀርቷታል። ጉልበቷ ያማታል፣ እንቅልፍ ከራቃት ሰነባብቷል፤ ሰው ሲዋሻት እንደ ድሮው አትናደድም፣ ይደክማታል እንጂ። ሃያ ዓመት አብሯት የሠራው ኮንስታብል ዩንቱኔን እጁን ኪሱ ከትቶ ይጠብቃታል።

«መዝገቡን ዝጊው ባክሽ፣» አላት። «ሽማግሌው ጎማ ሳይቀይር ውርጭ ቀደመው፣ ተንሸራተተ፣ አለቀ። ሪፖርቱ ከሦስት መስመር አይበልጥም።»

«ማርሹ ምን ላይ ነበር?»

«ዜሮ ላይ።»

«ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ተፈታኝ ሲያጋጥመው ታይስቶ ምን ያደርግ ነበር?»

ዩንቱኔን እጁን ከኪሱ አወጣ። «እኔን ሁለት ጊዜ ጥሎኛል። በዚሁ ጥፋት።»

«ቁስሉስ የት ነው?»

«ማጅራቱ ላይ። ሐኪሙም ጽፎታል። ሲላተም ተገለባብጦ ይሆናላ።»

«ቀበቶ እንዳሰረ?»

ሃቬሪኔን ክሪክ አስመጥታ የኋላውን እግር አስነሳችና ጉልበቷን እያማረረች አጎነበሰች። የፊቶቹ ጎማዎች ውኃ ውስጥ ስለነበሩ ታጥበዋል። የኋላዎቹ ግን ወደ መኪናው ሆድ በዞረው ጎናቸው ላይ በነጭ ጠመኔ ተጽፎባቸዋል፤ በአንዱ «ግራ ኋላ»፣ በሌላው «ቀኝ ኋላ»። እያንዳንዱም በተጻፈለት ቦታ ነው ያለው። በጣቷ ስትነካው ጠመኔው ለቀቀ።

«እሱማ ሁሉም ሰው ያደርገዋል፣» አለ ዩንቱኔን። «ጎማው ተመልሶ ሲገባ ቦታው እንዳይጠፋ።»

«አንተ መቼ ነው የምትጽፈው?»

«ሳወልቀው ነዋ።»

ሃቬሪኔን ጣቷን በመሐረብ ጠርጋ መሐረቡን አጥፋ ኪሷ ከተተች። «ወደ ቤቱ እንሂድ፣» አለች።

የታይስቶ ቤት ከከተማው አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ካኩሪላህቲ በምትባል የሐይቅ ዳር መንደር ጫፍ ላይ ነው። ልጁ ቪርፒ ወጥ ቤት ውስጥ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ተቀምጣለች። የከተማው ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ሌሊት የሚሞት ሰው እጅ ይዛ ማደር ለእሷ ብርቅ አይደለም። ይሄ ግን ሌላ ሆኖባታል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣» አለች መርማሪዋ ገና ወንበር ሳትስብ። «ሌላ ሰው አይፈልጉ።»

«ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

«በበጋው ልቡን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከባድ ነገር እንዳያነሳ ሐኪሙ ከልክሎታል። ጎማውን ቅዳሜ መጥቼ እኔ እቀይርልሃለሁ፣ እንዳትነካው ብዬ አስምዬው ነበር። ከዚያ የሥራ ባልደረባዬ ታመመችና ቅዳሜ ሌሊትን እኔ ተካኋት። ደውዬ በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ አልኩት።»

«ምን አሉሽ?»

«ግዴለም አለኝ። አባዬ እኮ ለማንም ግዴለም ብሎ አያውቅም።» እንባዋ መጣ። «የራሱ ሕግ ነበረው። ሰው ቀን ቆጥሮ ጎማ ይቀይራል፣ እኔ ግን ቴርሞሜትሩን ነው የማየው ይላል። ሦስት ጠዋት ተከታትሎ ከአምስት ዲግሪ በታች ከሆነ፣ በሦስተኛው ቀን ይቀይራል። ስለ ጎማው ዓይነትም ስንነታረክ ነው የኖርነው። እኔ ጥርስ የሌለውን ግዛ፣ ባለ ብረት ጥርሱ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲንኮሻኮሽ ጆሮ ያደነቁራል እለዋለሁ። እሱ ደግሞ በረዶ የሚያዳምጠው ጆሮ የለውም፣ ብረት ነው የሚገባው ይለኛል።»

ሃቬሪኔን ብድግ ብላ ከመስኮቱ አጠገብ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየች። በእያንዳንዱ ቀን ሥር የጠዋቱ ዲግሪ በጥንቃቄ ተጽፏል። ረቡዕ አራት። ሐሙስ ሦስት። ዓርብ ሁለት። ቅዳሜ ዜሮ። እሑድ ባዶ ነው። ሰኞ ሥር ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ አለች፦ «አውቶቡስ»።

«አባትሽ በአውቶቡስ ይሄዱ ነበር?»

«አንዴ ሄዶ ነበር። ሹፌሩን ሲያርም መንገድ ላይ አወረዱት።» ቪርፒ ሳትፈልግ ሳቀች፤ ከዚያ በሳቋ አፈረች።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ አራቱ የበረዶ ጎማዎች ተደራርበው ተቀምጠዋል። ከሚያዝያ ጀምሮ እዚያ የከረመ ጎማ መድረቅ፣ አቧራም መልበስ ነበረበት። ሃቬሪኔን በብረት ጥርሶቹ መካከል በጣቷ ስትፈልግ እርጥብ አሸዋና አንዲት ገና ያልደረቀች ለስላሳ ቢጫ የበርች ዛፍ ቅጠል አገኘች። ቅጠሏን በመሐረቧ ጠቅልላ ወጣች።

ጎረቤቱ ኦይቫ ቶሎኔን አጥር ማዶ እንጨት ይፈልጣል። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። እሑድ ሬሳውን ያየው እሱ ነው፤ ገና ሳይነጋ ከሐይቁ ማዶ መረብ ሊያነሳ ሄዶ በሦስት ሰዓት ሲመለስ የመኪናውን አፍንጫ ውኃ ውስጥ አየ።

«ከሟቹ ጋር ተኳርፋችሁ ነበር አሉ፣» አለችው።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት። በጀልባ ማሰሪያው ምክንያት።» መጥረቢያውን ጉማጁ ላይ ተከለ። «እንደሱ ያለ ጎረቤት ከእንግዲህ አይገኝም፣ ልጄ። ትንፍሽ አይልም ነበር።»

«ያናድድዎት ነበር?»

«እንዴታ። ለምሳሌ ቅዳሜ ሱቅ ሲሄድ መኪናው አስፋልቱ ላይ እንደ ቆርቆሮ ሲንኮሻኮሽ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ መንጫጫት ይወድ ነበር። የሱቋ ሴትዮ እንኳ በሯ ላይ ወጥታ፣ ታይስቶ ዘንድሮም ቀደምከን ብላ ሳቀችበት አሉ።»

«ይህን ለፖሊስ ነግረዋል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

የቪርፒ ባል ኢልካ ካርፒኔን ከሰዓት በኋላ ለሚስቱ በፔርሙስ ሻይ ይዞ ከከተማ መጣ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ትልቅ ሰውነት፣ ትሑት አነጋገር አለው። አፉ ውስጥ ሁልጊዜ የሚንት ከረሜላ አለ። ሻይውን ቀድቶ ለቪርፒ ሰጣትና ትከሻዋን ዳሰሳት።

«እሑድ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቤቴ ተኝቼ። ቪርፒ ሥራ ገብታ ነበር።»

«አማትህ ቅዳሜ ማታ ደውለውልሃል። አራት ደቂቃ ያህል አውርታችኋል፤ ስልካቸው ላይ አለ።»

ኢልካ ወደ ሚስቱ አየት አደረገ። «ባልነግርሽ ይሻል ነበር፣ ቪርፒ። ስለ ጎማው ነው። ልጄ ሳትመጣልኝ ቀረች፣ በበጋ ጎማ ቀረሁ እያሉ አማረሩ። ነገ ይወጣላቸዋል ብዬ ነው እንጂ እንዲህ ይሆናል ብዬ…»

ቪርፒ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሃቬሪኔን የጻፈችውን መስመር ሁለት ጊዜ አንብባ ደብተሯን ዘጋች። ያን ማታ ራቷን ሳትበላ ተኛች።

ሐሙስ ጠዋት በረዶ መጣል ጀመረ። ሃቬሪኔን ሁሉንም በታይስቶ ወጥ ቤት ሰበሰበች። ቪርፒና ኢልካ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ኦይቫ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ፣ ዩንቱኔን በሩ አጠገብ ቆመ።

«ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከበጋው ጎማ ነው፣» አለች ቁጭ ብላ፤ መቆም አላሰኛትም።

«የምን የበጋ ጎማ?» አለ ኦይቫ።

«ታይስቶ የሞቱበት መኪና ላይ ያለው።»

«ኧረ በያ። ቅዳሜ እኔን የቀሰቀሰኝ ምን ሆነና? የበጋ ጎማ መቼ ይንኮሻኮሻል?»

«ልክ ነዎት። ዓርብ ሦስተኛው ጠዋት ነበር፤ በራሳቸው ሕግ የሚቀይሩበት ቀን። ልጃቸው እንዳይነኩ ስለከለከለቻቸው ተደብቀው ቀየሩ። የወለቀውን የበጋ ጎማ እንደ ልማዳቸው በጠመኔ ጻፉበት። ሰው የሚጽፈው ሲያወልቅ ነው፤ ባለፈው ዓመት የተጻፈ ቢሆን ደግሞ የዘንድሮው ዝናብና ጭቃ አያቆየውም ነበር። ጠመኔው ግን ጣቴ ላይ ቀረ። ዕቃ ቤት ያለው የበረዶ ጎማም ከሰሞኑ አስፋልት ያነሳውን እርጥብ አሸዋ እንደያዘ ነው። ስለዚህ እሑድ ጠዋት አንድ ሰው የበረዶውን አውልቆ የበጋውን መልሶ ገጥሟል። የጠመኔውን ጽሑፍ እየተከተለ፣ የግራውን በግራ፣ የቀኙን በቀኝ። ይህን ጽሑፍ በየዓመቱ ስለምናየው ዓይናችን ለምዶታል። አጥፋው የሚል ሐሳብ አይመጣም።»

«ለምን ይለፋል?» አለች ቪርፒ።

«አባትሽ እዚያ ከበሩ ፊት ያለው ደረጃ ላይ ማጅራታቸውን ተመተው ሞተው ነበር። መኪና ውስጥ ተቀመጡ፣ ቀበቶ ታሰረላቸው፣ ማርሹ ዜሮ ሆነና ተለቀቀ። ግን እንደሳቸው ያለ ፈታኝ ባለ ብረት ጥርስ ጎማ እያለው በገዛ ግቢው ተንሸራተተ ቢባል ማን ያምናል? ምክንያት ያስፈልግ ነበር።»

ሃቬሪኔን ውኃ ጠጣች።

«ኦይቫ ቢሆኑ ኖሮ አይደክሙም ነበር። ድምፁን ራሳቸው ሰምተዋል፤ መንደሩም እንደሰማ ያውቃሉ። ጎማው አልተቀየረም ብሎ ሰው ሊያሳምን የሚያስብ፣ ቅዳሜ እዚህ ያልነበረ ሰው ነው። ቪርፒ ሳትመጣ መቅረቷን ደግሞ ያውቃል። የእሷ ጸጸት ምስክር እንደሚሆንለትም ያውቃል። ቪርፒ ከቅዳሜ ማታ እስከ እሑድ ረፋድ ሆስፒታል ነበረች፣ አርባ ሰው አይቷታል።»

ወደ ኢልካ ዞረች።

«ታይስቶ ቅዳሜ ማታ በበጋ ጎማ ቀረሁ ብለው አማረሩ አልከኝ። በዚያው ቀን በበረዶ ጎማ ሱቅ ደርሰው ተመልሰዋል። ያላሉትን ነው የነገርከኝ። ያሉህን እኔ ልንገርህ? ሰኞ ሥር አውቶቡስ ብለው ጽፈዋል። ትናንት አብረውህ የሚሠሩትን ሁለት ሹፌሮች አነጋገርኩ። ከረሜላው የመጠጥ ሽታ መሸፈኛ እንደሆነ እነሱም ጠርጥረው፣ ዝም ብለዋል። አማትህ ግን ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም።»

ኢልካ ከረሜላውን ማላመጥ ተወ።

«ዓርብ እዚህ ማዞሪያው ላይ ስቆም አሸተቱኝ፣» አለ። «ልጆቹ ተሳፍረው ነበር። ወይ ራስህ ተናገር፣ ወይ ሰኞ ለአለቃህ እደውላለሁ አሉኝ። እሑድ ልለምናቸው ነው የመጣሁት። መንጃ ፈቃዴን ካጣሁ ምን እሆናለሁ? ደረጃው ላይ ጀርባቸውን ሰጡኝ፣ ክንዳቸውን ያዝኩ፣ መነጨቁኝ፣ ገፋሁ። ውርጭ ነበር። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።»

«እኔስ?» አለች ቪርፒ።

ኢልካ አላያትም።

«አራት ሌሊት እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ ሳለቅስ አጠገቤ ነበርክ። ሻይ እያፈላህ ታመጣልኝ ነበር።»

«ቀስ በቀስ ትረሺዋለሽ ብዬ ነው፣» አለ ኢልካ።

ዩንቱኔን ክንዱን ይዞ አስወጣው። ኦይቫ ባርኔጣውን አጥልቆ ወጣ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ቀሩ።

«ግዴለም ያሉሽ ስላዘኑብሽ አይደለም፣» አለች ሃቬሪኔን። «ቀይረው ጨርሰው ስለነበረ ነው። እንዳትቆጪያቸው ፈርተው አልነገሩሽም። አንቺ አልገደልሻቸውም፣ ቪርፒ።»

ቪርፒ ራሷን ነቀነቀች፤ የገባት ይመስል ነበር። ከዚያ መስኮቱን እያየች ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ቅዳሜ ብመጣ ኖሮ እዚሁ አድር ነበር። እሑድ ጠዋት በሩን የምከፍተው እኔ ነበርኩ።»

ሃቬሪኔን ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች።